ነፋሱን ማን ሰበረው?

በ2018 ዓ.ም. መስከረም የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። እሜት ጦጢት ወሬውን የሰማችው ሰበታ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ፣ ከሬዲዮ ነው። ሰምታ ዝም አላለችም። ለዱሩም ለቤቱም እንስሳ መልእክት ሰደደች።

«ሩዋንዳ በኮረብታዎቿ ዓለምን ከጠራች፣ እኛ ተራራና ሸለቆ ያለን ምን ይዞን ተቀመጥን? ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በጅማና በቦንጋ አድርገን፣ ሚዛን ተፈሪን አልፈን ቴፒ እንግባ። ለጉዞው ከሁሉ አብልጦ የደከመ፣ ቴፒ ላይ ጋቢ ይደረብለታል።»

ጥቅምት ሲገባ ተሰበሰቡ። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ወረደ፤ ብስክሌቱ በአንድ ቀንዱ የምትነሣ ቀላል፣ ማርሿ የበዛ ነበረች። ሰጎን ከአዋሽ ሜዳ መጣች። አያ ከርከሮ ከጊቤ በረሃ፣ ሚዳቋ ከእንጦጦ፣ አያ ጅቦ ከሐረር ግንብ ሥር። አህዪት ደግሞ ከመርካቶ፣ ከእህል በረንዳ፣ ማርሽ በሌላት ከባድ ጥቁር ብስክሌት ደረሰች። አያ ጅቦ አህዪትን ሲያይ ምራቁን መዋጡን ሁሉም ልብ አሉ። እሱም ልብ ማለታቸውን ስላወቀ፣ ቴፒ እስኪገቡ ጥርሱን እንደማያሳያት እዚያው በሁሉ ፊት ማለ። ሁሉም መሐላውን ተቀበሉት፤ ያመነው ግን አልነበረም።

ወጡ።

ብስክሌት ለሩቅ ተመልካች እያንዳንዱ በገዛ እግሩ የሚሄድበት ነገር ይመስላል። የጋለበ ያውቀዋል፤ ሜዳ ላይ ጉልበት የሚጨርሰው ነፋስ ነው። ከፊት ያለው ደረቱን ሰጥቶ ነፋሱን ሲሰብረው፣ ከኋላው ጎማ ለጎማ ተጠግቶ የሚከተለው ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያተርፋል። ስለዚህ ያወቁበት ጋላቢዎች ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ሲደክም ጠርዝ ይይዝና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ተከታዩ ይተካዋል። እ.ኤ.አ. በ1903 በተጀመረው በቱር ደ ፍራንስ ለዚህ ብቻ ተብለው የሚሰለፉ አሉ፤ የቡድናቸውን መሪ ከነፋስ ከልለው፣ ውኃ አቀብለው፣ ዳገቱ ሥር ያደርሱትና ይቀራሉ። በ2008 ዓ.ም. በዚያ ውድድር ለመሰለፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ በአውሮፓ ቡድኖች ውስጥ ብዙ የደከመው በእንዲህ ያለው ሥራ ነው። የዚህ ሥራ ፎቶግራፍ ጥቂት ነው፤ ፎቶ አንሺው የሚቆመው መድረሻው ላይ ነውና።

ከሰበታ ወጥተው ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን ሲያልፉ ከፊት የነበረችው አህዪት ናት። ማንም ውጪ አላላትም። አህያ በኑሮዋ ነጂዋ ከኋላዋ ነው፤ ከፊት መሄድ ለእሷ ሹመትም ቅጣትም ሳይሆን ልማድ ነው። ሌሎቹ ከኋላዋ ተደረደሩ። የመጀመሪያው ቀን ሳያስቡት ሆነ። በሁለተኛው ቀን ጦጢት ነገሩን አወቀችበት፤ ከአህዪት ኋላ ስትሆን ፔዳሉ እንደሚቀላት፣ ወጣ ስትል ደግሞ ነፋሱ ፊቷን እንደሚገርፋት አየች። አውቃም ለማንም አልነገረች። ቀስ በቀስ ሁሉም በየራሱ አወቀው፣ ሁሉም ዝም አለ። የጋራ ዝምታ ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ ማንም አልመከረበትም፣ ሁሉም ግን ይጠብቀዋል።

ወደ ጊቤ ሲወርዱ ዋልያ ፍሬኑን ለቆ ሁሉንም አለፈ፤ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ረጅም ዳገትም ቀድሞ ወጣው። ሰጎን ከአሰንዳቦ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ እንደ ጥይት ተተኮሰችና የመንገድ ዳር ልጆች አጨበጨቡላት። እነዚህ የሚታዩ ነገሮች ነበሩ፤ ማታ ማታ በየሰፈሩበት የሚወሩትም እነሱ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከፊት ስለነበረችው ማን ምን ያወራል? የሚነገር ታሪክ የላትም። ፔዳሏን መታች፤ በቃ።

አያ ከርከሮ ብቻ አንዳንዴ ጎኗ እየመጣ «እቴ፣ ትንሽ ልያዝልሽ?» ይላት ነበር። ጥቂት ይይዝላታል። እግሩ አጭር፣ አንገቱ ወፍራም ነው፤ ቶሎ ያልበዋል። ሲደክመው ይመለስና ይቅርታ ይጠይቃታል፤ እሷም ምን ሲደረግ ይቅርታ እንደሚጠየቅ አይገባትም ነበር።

ጅማ አድረው፣ ሸቤን አልፈው ወደ ጎጀብ ወንዝ ወረዱ። ጎጀብ ሸለቆው ሙቅ ነው፣ አየሩ ይከብዳል። ድልድዩን ተሻግረው የቦንጋን ዳገት ሲጀምሩ፣ አህዪት ከኮርቻዋ ተነሥታ በሙሉ ክብደቷ ፔዳሉ ላይ ቆመች። ያኔ አንድ ነገር ጠሽ አለ። ካቴናው ተበጠሰ። እግሯ ባዶ ፔዳል መትቶ ጉልበቷ ከብረቱ ጋር ተጋጨ፤ ካቴናው ከኋላው ጥርስ ላይ ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ሁሉም ቆመው አዩት፤ ግራሶ የጠጣ ጥቁር ካቴና፣ አንዱ ቀለበቱ አፉን ከፍቶ። ቀለበቱ የተከፈተው በዚያ ዳገት አልነበረም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲሳብ ከርሞ፣ ጎጀብ ላይ ጨረሰ።

ምን ይደረግ? መሸብን፣ አሉ። ዳመናው ከበደ። «አንድ ሰው አብሯት ይቅር» አለች ሚዳቋ፣ በቀጭን ድምፅ።

«እኔ እቀራለሁ» አለ አያ ጅቦ።

ሁሉም በአንድ አፍ «አይሆንም!» አሉት። አያ ጅቦ አንገቱን ደፋ። እሱ እንዳይቀር ተከለከለ፤ በእሱ ምትክ የቀረ ግን የለም። ከርከሮ እንኳ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ካለ በኋላ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። አህዪት «ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» አለቻቸው። ይህን ያለችው እነሱን ለማሳረፍ ነው፤ እነሱም ወደው ዐረፉበት።

ከቦንጋ ወዲያ፣ በሺሺንዳ አድርገው፣ እየዘነበባቸው ሄዱ። ጉዞው በአንዴ ከበደ። ከፊት የሚወጣ ጠፋ። ሰጎን ወጥታ ትመለሳለች፣ ዋልያ ወጥቶ ይመለሳል፣ ጦጢት ከነአካቴው አትወጣም። ሁሉም መንገዱን ረገሙ፣ ዝናቡን ረገሙ፣ የብስክሌታቸውን ጎማ ረገሙ። ምን እንደጎደላቸው የተናገረ የለም። ያም ሆኖ እየተንገላቱ ሸዋ ቤንች ደረሱና ለመጨረሻዋ ሌሊት ሰፈሩ። በማግስቱ ሚዛን ተፈሪን አልፈው ቴፒ ይገባሉ።

የሸዋ ቤንች ጫካ ባለቤቱ አባ ጉሬዛ ናቸው፤ ነጭና ጥቁር ካባቸውን አንዠርገው ከዛፉ ወረዱና እንግዶቻቸውን ተቀበሉ። ቆጮና ጎደሬ በማር ቀረበ። የቡና ቅጠል ተፈልቶ በሚጥሚጣ፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ የሚቀመመውን ጨሞም አጠጧቸው። ኮረሪማው ከዚያው ከጫካው ጥላ ሥር የተለቀመ ነው። በእሳቱ ዙሪያ የተቀመጡት ሲሞቁ፣ የጉዞ መጨረሻ ልማድ ነውና፣ ወሬው ወዳለፈው መንገድ ዞረ፤ ከዚያም ወደ ጋቢው።

«የጊቤን ዳገት ያሸነፍኩት እኔ ነኝ» አለ ዋልያ። «በአሰንዳቦ ሜዳ ሕዝቡ ያጨበጨበው ለማን ነው?» አለች ሰጎን። ጦጢት ተነሥታ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ «ሐሳቡ የማነው? መንገዱን የቀየሰው፣ ማደሪያውን የተናገረው፣ ሁላችሁን የጠራው ማነው? እኔ ባልጠራችሁ ዋልያ ገደሉ ላይ፣ ሰጎንም አሸዋው ላይ ነበራችሁ።» እውነቷን ነው፤ ከጦጢት ክርክር ውስጥ ሐሰት ፈልጎ የሚያገኝ የለም፤ ሁልጊዜ ግማሹን እውነት ይዛ ነው የምትቆመው። ክርክሩ ከረረ። ዳኛ ይሰየም ተባለና አባ ጉሬዛ ተሰየሙ። እንደ ድሮው ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው እየተሟገቱ፣ «ተጠየቅ!» እየተባባሉ እኩለ ሌሊት ሆነ።

በመጨረሻ አባ ጉሬዛ «ምስክር አላችሁ?» አሉ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሁሉም ባለጉዳይ ነው፤ ምስክር ሊሆን የሚችል አልነበረም። ያን ጊዜ ከወደ ምዕራብ፣ ከቆላው፣ ነፋስ መጣ። የዛፎቹን ጫፍ አወዛወዘ፣ እሳቱን ወደ አንድ ጎን አጋደመው።

«እሱ ይመስክር» አሉ አባ ጉሬዛ። «ከአዲስ አበባ ጀምሮ አብሯችሁ የነበረ እሱ ነው።»

ነፋስም ቀርቦ እንዲህ አለ፤ «እኔ የማውቀው ደረት ነው። ፊት ለፊት የመጣብኝን አውቃለሁ፤ ከሰው ጀርባ የተከለለውን ግን ከየት ልወቀው? ዋልያን ከጊቤ ማዶ በዳገቱ ላይ አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ብቻውን ነበር። ሰጎንን በአሰንዳቦ ሜዳ፣ ክብሪት ነድዶ እስኪያልቅ ያህል፣ አውቃታለሁ። አያ ከርከሮን ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ፤ ትንሽ ትንሽ። ይቺን ግን» አለና ወደ ጦጢት ዞረ፣ «ዛሬ ገና ማየቴ ነው። አብራችሁ ነበረች እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ጦጢት ራሷ ወደ እሳቱ አየች።

«አንዲት ሌላ ነበረች» አለ ነፋስ። «ሰፊ ደረት፣ ትልልቅ ጆሮ። ከሰበታ እስከ ጎጀብ፣ ጧትም ማታም፣ የማገኘው እሷን ነበር። ቱሉ ቦሎ ላይ በጎን መጣሁባት፤ አላዞረችም። ሰርቦ ላይ ዝናብ ጨምሬ መጣሁባት፤ ዐይኗን ጨፍና ቀጠለች። ከጎጀብ ወዲህ ግን አጣኋት። የት ሄደች?»

ዝም አሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። ካቴናዋ ተበጥሶ ነው፤ መሽቶ ነበር፤ እደርሳለሁ ብላን ነበር።

«እኔ እቀራለሁ ብያችሁ ነበር» አለ አያ ጅቦ ከጨለማው። «አላመናችሁኝም። ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም፤ የአባቶቼን ሥራ አውቃለሁ። ግን ጅብ ይበላታል ብላችሁ ጅቡን ይዛችሁት ሄዳችሁ፤ ለዝናቡና ለብርዱ ማንን ተዋችሁላት? እናንተ የፈራችሁት ለእሷ ቢሆን ኖሮ አንዳችሁ ትቀሩ ነበር። እኔን መጠርጠራችሁ ለመሄድ አመቻችሁ።»

ከዚህ ተረት ውስጥ እኔን የሚከብደኝ ይህ የጅቡ ቃል ነው። አንድ ማኅበር ከውስጡ የሚፈራው ሰው ካለ፣ ያ ፍርሃት ለብዙ ነገር ይበቃዋል፤ ሌላው ቸልተኝነት ሁሉ በዚያ ሥር ይሸፈናል።

«ያልደረሰ ግን አይሸለምም» አለች ጦጢት፣ ድምፅዋ ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ። «ደንቡ ቴፒ የደረሰ ነው የሚለው።»

«ደንቡ ለጉዞው ከሁሉ አብልጦ የደከመ ነው የሚለው» አለች ሚዳቋ። «ቴፒ ጋቢው የሚደረብበት ቦታ ነው እንጂ የደካሚው መለኪያ አይደለም።» ሚዳቋ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም ነበር፤ ተናግራ ስትጨርስ እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባ ጉሬዛ እሳቱን ቆሰቆሱ። «እኔ ከዚህ ወጥቼ አላውቅም» አሉ። «ግን የዚህ ጫካ ነገር ከእናንተ ነገር ጋር አንድ ነው። ይሄ ከጀርባችሁ ያለው ቡና ነው። እዚህ ማንም አልተከለውም፣ የዱር ነው። ጠራራ ፀሐይ አይወድም፤ ከላዩ ቀረሮ፣ ዋንዛ፣ ሰሳ ቆመው ፀሐዩን ይቀበሉለታል፣ ቅጠላቸውን አራግፈው መሬቱን ያለሰልሱለታል። ገበያ የሚወጣው፣ የሚመሰገነው ቡናው ነው። ሰዎች ገንዘብ ሲቸግራቸው መጀመሪያ የሚቆርጡትስ የቱን ነው? የማያፈራውን። ዛፉ ሲወድቅ ቡናው አንድ ሁለት ዓመት ጥሩ ያፈራ ይመስላል፤ ከዚያ ቅርንጫፉ ይደርቃል። ያኔ ደግሞ ቡናውን ታመመ ይሉታል።

«ከዚህ ብዙ በማይርቀው በጌሻ አገር የሆነውንም ልንገራችሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ ከዚያ ጫካ የቡና ዘር ተለቅሞ ወጣ። ኬንያና ታንዛኒያ ተተከለ፤ ኋላም ኮስታሪካ ደረሰ፣ ከዚያ ፓናማ ገባ። በዚያው አቆጣጠር በ2004 ፓናማ ላይ በተደረገ ጨረታ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ሲሸጥ የቡና ዓለም ጉድ አለ። በ2019 ደግሞ ከ1,000 ዶላር አለፈ። እኔ የፓናማን ገበሬ አልወቅስም፤ ለይቶ አወቀው፣ ለብቻው ለቀመው፣ ተንከባከበው። ነገር ግን ጋቢው ሲደረብ የጌሻ ጫካ እዚያ አልነበረም። የጌሻን ጫካ ጎጀብ ላይ ትተውት ነው የሄዱት።»

ሰጎን አንገቷን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች፤ አሸዋ ግን በአጠገቧ አልነበረም።

ይህን መርሳት አገራችን ታውቅበታለች። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነዚያ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ሮም መጣ፣ አበበ ቢቂላ መጣ፣ ሩጫው አገሩን ሞላው። በር የከፈቱት ብስክሌተኞች ስም ግን ዛሬ በስንት ሰው አፍ ይገኛል? በአበበ ክብር የሚከፋ የለም። የፊተኛው ስም ለማደር ቦታ ማጣቱ ነው የሚያሳዝነው።

«እንግዲህ ፍርዱን ስጡን» አለ ዋልያ። «ቴፒ ሕዝብ ይጠብቀናል።»

«አልፈርድም» አሉ አባ ጉሬዛ። «ባለጉዳይዋ ሳትቀርብ የሚፈርድ ዳኛ የለም። አምጧትና እፈርዳለሁ።»

«ጎጀብ ድረስ ልንመለስ ነው?» 

«እስካለችበት ድረስ።»

«ሕዝቡስ?»

«ይጠብቅ። የሚጠብቀው መሰብሰባችሁን ነው ወይስ መቅደማችሁን? እሱን ደግሞ ሲያያችሁ ይወስን።»

ጎሕ ሲቀድ ዋልያ አልነበረም። ብቻውን ወደ ቴፒ ሄዷል። የቀሩት ብስክሌታቸውን ወደ መጡበት አዞሩ። ከፊት ማን ይውጣ? ቆሙ። አያ ከርከሮ ሊወጣ ሲል አያ ጅቦ ቀደመው፤ «አንተ ጠግበሃል» አለው። ጅብ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላው፤ እንዲህ ያለ ሰልፍ በዚያ መንገድ ታይቶ አያውቅም። ሺሺንዳ ሳይደርሱ ከኋላቸው የጎማ ድምፅ ሰሙ። ዋልያ ነበር። ጢሙ አቧራ፣ ዐይኑ ደም ለብሷል። ከሚዛን ወዲያ ብቻውን ከቆላው ነፋስ ጋር ስለሆነው ነገር አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም። ሰልፉን በጎን አልፎ ከአያ ጅቦ ፊት ገባና ደረቱን ሰጠ።

አህዪትን ያገኟት ውሽውሽ ላይ ነው፣ ሻይ ተክሉ መንገዱን ግራና ቀኝ ከያዘበት። እየጋለበች ትመጣ ነበር። ደንግጠው ቆሙ፤ እሷ አልቆመችም፣ ልታልፋቸው ነበር። «ምነው ተመለሳችሁ? የረሳችሁት ዕቃ አለ?» አለች።

ካቴናዋን የሠራላት ጎጀብ ዳር በግ የሚጠብቅ አንድ ልጅ ነው። የተከፈተውን ቀለበት በድንጋይና በምስማር አወጣና ሁለቱን ጫፎች አገናኘ። ካቴናው ስላጠረ አልገባ አለ። ልጁ አሰበ፤ የኋላውን ጎማ ብሎን አላልቶ፣ ጎማውን ጥቂት ወደ ፊት ስቦ፣ እንደገና አጠበቀው። ገባ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ በጎቹ እርሻ ገብተውበት ነበርና አህዪት ስትነግራቸው ከምንም በላይ ያሳሰባት ያ ነበር፤ ልጁ ማታ ምን ብሎ ገባ ይሆን?

ጦጢት ከቦርሳዋ ጋቢውን አወጣች። ለዚህ ነው ይዛው የመጣችው። ጥለቱ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ስትናገር እንደ ወትሮው ጉሮሮዋን አልጠረገችም፤ «አህዪት፣ ይሄ ያንቺ ነው። ነፋስ መሰከረልሽ። እኛም እናውቅ ነበር። እኔ በሁለተኛው ቀን ነው ያወቅሁት» አለች።

አህዪት ጋቢውን አየችው። አሸተተችው። ከዚያ መልሳ ሰጠቻት።

«እኔ ጀርባዬ ላይ ያልተጫነ ነገር የለም» አለች። «ጤፍ ተጭኗል፣ ጨው ተጭኗል፣ ቡና ተጭኗል፣ የግንባታ አሸዋ ተጭኗል። ጋቢም ከጫናችሁ እሸከማለሁ። ግን ቴፒ ላይ ጋቢ ደርባችሁልኝ፣ ስንመለስ ደግሞ ከፊት ታሰልፉኛላችሁ፤ ያን ጊዜ ጋቢ ለብሻለሁና ደክሞኛል ማለትም ነውር ይሆንብኛል። እኔ ጋቢ አልጎደለኝም። የጎደለኝ ተራ ነው።»

«ተራ?» አለ ዋልያ።

«ተራ። ከኋላ የምሆንበት።»

እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጠው ተማከሩ። ቀላል አልነበረም። ሰጎን ዳገት ላይ ተራ አይቆጠርብኝ አለች፤ ዋልያ ሜዳ ላይ እንዲቀነስለት ለመነ። ከርከሮ አጭር እግር ያለውና ረጅም እግር ያለው እኩል ኪሎ ሜትር ይያዝ ወይስ እኩል ድካም የሚለውን አነሣ፤ በዚህ ላይ ብዙ ቆዩ፤ መጨረሻ ላይ እንደ አቅም እንጂ እንደ ቁጥር አይሁን ተባለ፤ ሆኖም ነፋስ ሳያውቀው የሚቀር አንድም እንዳይኖር። አያ ጅቦ ከአህዪት ጎን ለጎን ይሂድ አይሂድ የሚለው ሲነሣ፣ አህዪት ራሷ «ይሂድ» አለች። ጦጢት ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት «የመጀመሪያው ተራ የኔ ነው» አለች። ጋቢው ቦርሳ ውስጥ ተመለሰ።

ጦጢት ከፊት ወጣች። ትንሽ ናት፤ ከእሷ ኋላ የሚከለል ብዙ የለም። ያም ሆኖ ወጣች። ዐይኗ እንባ አቀረረ፣ ጭራዋ ወደ ኋላ ተተኮሰ፤ ነፋስ ደግሞ ሊተዋወቃት ፈልጎ ነው መሰል በረታባት። ከእሷ ቀጥሎ ሚዳቋ፣ ከዚያ ዋልያ ይዘው እየተፈራረቁ፣ በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ እንደገና ሸዋ ቤንች ምድር ገቡ። ተራው ዞሮ ጦጢት ጋ ደርሶ ነበር። አህዪት ከኋላ ናት። አባ ጉሬዛ ሰልፉን አይተው በዛፎቹ ላይ እየዘለሉ ከመንገዱ ዳር አጀቧቸው።

አህዪት አንገቷን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች። ከፊት ያለ ጋላቢ የሚያየው አስፋልትና ጉድጓድ ነው፤ በሕይወቷ ዙሪያዋን እያየች ተጉዛ አታውቅም።

«አባ፣ ያ ቀዩ ምንድን ነው?» አለች።

«የቱ?»

«ያ፣ በየቅርንጫፉ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የተደረደረው።»

አባ ጉሬዛ ደነገጡ። «ቡና ነው እንጂ!»

«ቡና? ኧረ አይደለም። ቡና አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ቡና ደረቅ ነው፣ ጆንያ ጆንያ ይሸታል።»

አባ ጉሬዛ አንድ ዘለላ ቀጥፈው ወረዱ። አህዪት ሳትቆም በከንፈሯ ተቀበለቻቸው። ልጣጩ በጥርሷ ሥር ፈረጠ፤ ማር የመሰለ ውኃ ወጣው፣ ውስጡ ሁለት ፍሬ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው የሚያዳልጡ ነበሩ። አኘከች፤ ጆሮዎቿ ቀጥ አሉ።

«ይጣፍጣል እኮ! ይሄን ሁሉ ዘመን ይሄን ነው የተሸከምኩት?» አለች። «ከላዩ የቆመውስ ዛፍ ማን ይባላል?»

«እሱ ቀረሮ ነው። ወዲያ ያለው ደግሞ ...»

ከፊት የጦጢት ድምፅ ተሰማ፤ «ሰጎን! ኧረ ሰጎን! ነይ፣ ተራሽ ደርሷል!»

«ገና ድልድዩ ጋ አልደረስንም!» አለች ሰጎን። «እስከ ድልድዩ ያንቺ ነው ተባብለናል!»

«የትኛው ድልድይ?»

«አያ ከርከሮን ጠይቂው!»